የምላስ ምርመራ

የጥርስ ንጽሕና ተማሪዋ በማግስቱ የተግባር ፈተና ነበረባት። ባለፈው ወድቃለች፤ ይህኛው የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ታላቅ እህቷን ለምና መስኮቱ ሥር ሶፋው ላይ አስተኛቻት።

«እንዳትነክሺኝ ብቻ!»

«እጅሽን ከታጠብሽ አልነክስሽም» አለች እህቷ እየሳቀች፤ አፏንም በሰፊው ከፈተች።

ተማሪዋ በትንሿ መስታወት መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ አየች። ድዱ ጤነኛ ነው፤ ላንቃውም እንደዚሁ። ከዚያ የእህቷን ምላስ ጫፉን በፋሻ ያዘችና ጎንና ጎኑን ለማየት ወደ ውጭ ሳብ አደረገችው።

«መጀመሪያ የማየው የቱን ጎን ነበር?» አለች ለራሷ።

«ግራውን ነው፣ ሚጣዬ» አለ ከተከፈተው አፍ የወጣ ጥርት ያለ ድምፅ።

«ተባረኪ እታለም» ብላ ምላሱን ዞር አደረገችው። እጇ ደርቆ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁ ሲናገር ምላሱን እንደያዘችው ነበር፤ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም።

ቀና ብላ እህቷን አየቻት። የእህቷ ዓይኖች ፈጠዋል፣ እንባም አቅርረዋል። «እኔ አይደለሁም» እንደማለት ቀስ ብላ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«አሁን ደግሞ ቀኙን» አለ ድምፁ።