ያልተቀባው ጫማ

ሳሎናችንን የባቡር ጣቢያ ያደረግነው ተባብረን ነው፤ ትንንሾቹን የመጫወቻ ባቡሮች እኔ እገጣጥም፣ ጥፍር የሚያካክሉትን የተሳፋሪ ምስሎች ባለቤቴ ትቀባ ነበር። ታዲያ ሁልጊዜ ግራ ጫማቸውን መቀባት ትረሳ ነበር።

«አንቺ፣ በአንድ ጫማ ሊሳፈሩ ነው?» እላት ነበር።

«ቸኩለው ወጥተው ነዋ። አንተ ባቡርህን ንዳ።»

ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ብሩሾቿ እንደ እንጨት ደርቀዋል። ራሷን አስመስላ የሠራቻትን፣ ባለ ቢጫ ሻርፗን ሴትዮ፣ ባቡሩ ውስጥ መስኮት ዳር ለብቻዋ አስቀምጬ ከሥራ ስመለስ አንድ ዙር አዞራታለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ዛሬ ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ከጎኗ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። የእኔን መነጽር አድርጓል፤ ትናንት የገዛሁትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል።

ቀስ ብዬ አነሳሁት። ግራ ጫማው አልተቀባም።

የሹራቡ እርጥብ ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ።