ሳልጠይቀው የመለስኩለት

«ቴስቶስትሮኑ ከሚገባው አራት እጥፍ ነው» ይላል ዶክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ። እኔ ደግሞ ለባሌ አቅልዬ፣ «የወንድ ሆርሞንህ ትንሽ ከፍ ብሏል ነው የሚለው» እለዋለሁ። ሳህሌ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ወንዶች!

ከምንኖርበት ከሬይኖልድስበርግ ዎርዝንግተን ድረስ እዚህ ክሊኒክ ስንመጣ ሁለተኛችን ነው። ማርች ላይ፣ «ዘሩ ትንሽ ነው፣ ግን አለ፤ ተስፋ አትቁረጡ» ተብለን ነበር። ዛሬ ዶክተሩ «ጭራሽ የለም» ይላል። ይህቺን አልተረጎምኳትም።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቸርች ውስጥ ሕፃን ሊጸለይለት ወደ ፊት ሲወጣ፣ የእናትየውን ቦርሳ የምይዘው እኔ ነኝ። ልጅ አምሮኛል። አንዳንድ እሑድ የሰው ልጅ አንገት አሽትቼ ስመለስ መኪና መንዳት ያቅተኛል።

ዶክተሩ ምክንያቱን ይዘረዝራል። ዘር ፍሬው ላይ ዕጢ በቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ከኩላሊቱ በላይ። አብሮት የተወለደ ችግርም ሊሆን ይችላል። ልጁም ይቅር ጌታዬ፣ ሰውየውን ብቻ ተውልኝ።

«የሚወስደው ነገር አለ? ክኒን፣ መርፌ፣ የሚቀባ?»

«የለም» እላለሁ፣ ሳህሌን ሳልጠይቀው። አስፕሪን እንኳ በስንት ልመና የሚውጥ ሰው!

«የስ» ይላል ሳህሌ።

ሁለታችንም ዞረን እናየዋለን። ሐኪም ፊት በእንግሊዝኛ አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ ሁሌ የምናገርለት እኔ ነኝ።

«ሾት እወጋለሁ፣ ማንያህልሻል» ይለኛል በአማርኛ። «መርፌ። በየሳምንቱ፣ ሥራ ቦታ ፓርኪንግ ሎት፣ መኪና ውስጥ። ዌርሃውስ አብሮኝ የሚሠራው፣ ያ ጂም የሚሄደው ሰውዬ ነው የሚያመጣልኝ። ወንድነት ይጨምራል ሲለኝ፣ እንግዲያው ልጅም ይመጣል ብዬ... ከማርች ጀምሮ ነው።»

ፊቱን የሞላው ብጉር ትዝ ይለኛል። «በአርባ ሦስት ዓመትህ ጎረመስክ!» እያልኩ ስንት ቀን ስቄበታለሁ።

ለዶክተሩ እነግረዋለሁ። ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባለት ሰውነቱ የራሱን ሥራ ያቆማል፣ ዘሩን ያደረቀውም ይኸው መርፌ ነው ይላል። ካቆመ ሊመለስ ይችላል፤ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ።

አንድ በአንድ እተረጉማለሁ፤ አሁን ምንም አልቀንስም። «በዓመት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል። ግድግዳው ላይ የ1996 ካላንደር ተሰቅሏል። እሱ ሳያልቅ እኔ አርባ እሞላለሁ። ተናድጃለሁ። ዕጢ ባለመሆኑ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ልመታውም፣ ላቅፈውም ያምረኛል።

«ጥያቄ አላችሁ?» ይላል ዶክተሩ።

ሳህሌ ጉልበቱን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ «ትጠብቂኛለሽ?» ይላል።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ባሌ ምን እንዳለ እንድነግረው አፍ አፌን ያየኛል።