በአሳማ የተሸጠች ከተማ

ድራሆሚራ የከተማዋን የዶልኒ ክራስኖቭን ታሪክ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አደባባዩ ጥግ ያለችው የእንግዶች ቢሮ አለቃም፣ ሠራተኛም፣ ጠራጊም እሷው ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለመጣ ሁሉ ትናገራለች፦ ወንዙ ከተማዋን እንዴት ዞሮ እንደሚያቅፋት፣ ግንቡን ማን እንዳሠራው፣ በሠላሳው ዓመት ጦርነት የስዊድን ጦር ከበሩ ላይ አፍሮ እንደተመለሰ። እሁድ እሁድ ቢሮውን ትዘጋና አየር ለመቀበል ወደ ድልድዩ ትወርዳለች።

ዘንድሮ ግን እንግዶቹ እየሳቁ ይገቡባት ጀመር።

«በአሳማ የተሸጠችው ከተማ ይቺ ናት?» አላት ከብርኖ ከተማ የመጣ አንድ እንግዳ።

«ምን አሉኝ?»

«ስዊድኖቹ በሩ ፊት አሳማ ሲጠብሱ፣ ዘበኞቻችሁ የጥብሱ ሽታ አላስችል ብሏቸው ከፈቱላቸው አሉ። አንድ ሽማግሌ ናቸው ውጭ የነገሩን።»

ድራሆሚራ ደሟ ፈላ። ከየት እንደመጣ ለመገመት አልተቸገረችም። ከድልድዩ ማዶ ሆርኒ ክራስኖቭ አለች። ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፤ ግን ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ዓይንህን ላፈር ሲባባሉ ኖረዋል። በዚያ ላይ ለአገር ጎብኚዎች የሚሆን ባቡር ሊመጣ ነው፤ የሚቆመውም ከሁለቱ በአንዷ ብቻ ነው።

የከተማው ፖሊስ ሉቦሽ የእህቷ ልጅ ነው። ጠራችው።

«ከማዶ እየመጣ ስማችንን የሚያጠፋው ሽማግሌ ይታሰርልኝ!»

«በምን ወንጀል፣ አክስቴ?»

«በውሸት!»

«በውሸት ማሰር ከጀመርንማ መጠጥ ቤቱ ሰው አይቀረውም። ደግሞስ የማዶ ሰው መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አዋሸቱ ነዋ! እውነት እውነቱን ያስቀድምና ውሸቷን መሃል ላይ ይሸጉጣታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱም ከእንግዶቹ ኋላ ተደብቀው ቆሙ። ነጭ ጢሙን ያጎፈረ ረጅም ሽማግሌ ከማርያም ሐውልት ሥር ቆሞ ይተርካል።

«ግንቡ ለምን ያዘመመ ይመስላችኋል? ግንበኛው ደመወዙን የሚቀበለው በቢራ ነበር። ጧት ጧት ቀጥ ይላል፤ ከምሳ በኋላ ግን እንደምታዩት ነው።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሉቦሽም ሳቀ። ድራሆሚራም ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነክሳ መለሰችውና ሰዉን እየገፈተረች ወጣች።

«ሐሰት ነው! ግንቡ ያዘመመው ሥሩ የወንዝ አሸዋ ስለሆነ ነው!»

«አሸዋ እንግዳ አያስቅም፣ እመቤቴ» አለ ሽማግሌው ኮፍያውን አንስቶ።

«አገርዎ የት ነው?» ሉቦሽ ጠየቀው።

«ከማዶ። ሂኔክ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ሰዓት ሠሪ ነኝ።» ምንም አልደበቀም።

«አላልኩህም?» አለች ድራሆሚራ። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያፍሩም? በዚህ ዕድሜዎ፣ የሰው ከተማ ስም ሲያጠፉ?»

ሽማግሌው ትኩር ብሎ አያት። ጢሙ ሥር ፈገግታ ብቅ አለና ጠፋ።

«አፍራለሁ እንጂ» አለ። «ደግሞ እርስዎ ሲያፍሩብኝ ይብሳል።» እጅ ነስቶ ቀስ እያለ ወደ ድልድዩ አዘገመ። ሉቦሽም አልከለከለውም።

ያን ቀን ከተማው ድራሆሚራን ሲያመሰግን ዋለ። ዳቦ ጋጋሪው የፕለም ማርማላታ ያለበት ትኩስ ኬክ ላከላት፤ ከንቲባው ራሱ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ እጇን ጨበጣት። ታሪካችን ዘበኛ አገኘ ተባለ። ቤቷ ስትገባ እንዲህ ያለ እፎይታ ከተሰማት ብዙ ጊዜዋ ነበር፤ ለማግሥቱ የሚሆናትን ልብስ አዘጋጅታ በጊዜ ተኛች።

እሁድ ጧት እንደ ወትሮዋ ድልድዩን ተሻግራ፣ ሆርኒ ክራስኖቭ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሰበሰቡት እንግዶች ፊት ቆመች፤ ጉሮሮዋንም ጠረገችና «የዚህች ከተማ ሰዎች ትልቁን ደወላቸውን ለስዊድኖች በአንድ ዝይ እንዴት እንደለወጡ ልንገራችሁ?» አለች።