ዝቅ ያለችው ቮልስ

"ምነው ተንበረከከች?" አሉ እናቱ ድርቤ።

ኦብሳ ቮልሷን ጋራዥ አስገብቶ ዝቅ አስደርጓታል። ቮልሷ ከክሪኩ ላይ ገና መውረዷ ነው። ከኋላ ወፍራም ጎማ፣ ከፊት ቀጭን መርጦላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ለእሱ ነቀምቴ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም። ግን መኪናዋ የሟች አባቱ ነበረች፤ አሁን ደግሞ የእናቱ ናት። ድርቤ ካልወደዷት ዛሬውኑ ወደ ድሮ ቁመቷ ትመለሳለች፤ ውላቸው ይኸው ነው።

"አዴ ድርቤ፣ አሁን እኮ ኩርባ ላይ መሬት ቆንጥጣ ነው የምትሄደው" አለ መካኒኩ ጋሩማ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ሰው የሚገባባት አትመስልም።"

"ኧረ ሃርሜ፣ ገብተሽ እያት" አለ ኦብሳ እናቱን።

ድርቤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ እዚህች መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ይህ ለኦብሳ ትዝ ያለው ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ክፉኛ አዘነ። እሳቸው ግን ሰው እንደማይገባባት ሊያሳዩት ቆርጠው ተነሥተዋል። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ወንበሩን ፍለጋ ቁልቁል ወረዱ፤ አሁንም ወረዱ። ወንበሩ ከሚያውቁት ቦታ የለም። የቀረውን መንገድ በመውደቅ ጨረሱት።

"ያ ዋቃ" አሉ ከውስጥ፣ አምላካቸውን ጠርተው።

መውጣቱ ደግሞ ባሰ፤ ጉልበታቸው አሻፈረኝ አለ። ኦብሳ አንድ እጃቸውን፣ ጋሩማ ሌላውን ይዘው ሲስቡ እስከ ግማሽ ይመጡና ተመልሰው ዘጭ ይላሉ። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሳቁ ካለቀም በኋላ እንባው ትንሽ ቆየ። መዳፋቸው ዳሽቦርዱን ቀስ ብሎ ዳበሰው።

"ተዉኝ በቃ። ቤት ስንደርስ ጎረቤት ተጠርቶ ያወጣኛል። ንዳ አንተ።"

የኦብሳ ተስፋ እዚያው ተቆረጠ። ጎረቤት ተሰብስቦ ከውስጧ የሚያወጣቸው መኪና እንዴት ተብላ ዝቅ እንዳለች ትቀራለች? ሞተሩን አስነሣ፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና ከጀርባቸው ተንደቀደቀ። ገበያው ዳር ሲደርሱ ባጃጆቹ ፍጥነት ቀነሱ፤ ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ቀና ቀና አሉ፤ አንዷም ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገች። ኦብሳ ፊቱ ቀላ፤ ቶሎ ሊያልፍ ነዳጅ ሰጠ።

ድርቤ መስታወቱን አወረዱ። ክንዳቸውን በመስኮቱ አውጥተው ተመቻቹ።

"ምን ያስቸኩልሃል?" አሉ። "ቀስ በል፤ ሰው ይየን እንጂ።"