ግላፊራ የማትሞትበት ምሽት

«ግላፊራ ኒካኖሮቭና፣ ሶፋው ደርሷል። ራስዎን በስተቀኝ ያድርጉ፤ በግራ በኩል ሽቦው ወጥቷል» ይላል የመድረኩ ዕቃ አዘጋጅ ሽማግሌው ፓኾም።

ግላፊራ በመጋረጃው ቀዳዳ ሕዝቡን ማየቷን ትታ ትዞራለች። ሶፋው ላይ ሁለት ትራስ ተደርቧል፤ አጠገቡ የመድኃኒት ብልቃጥና ሻማ ቆሟል።

«አባባ ፓኾም፣ ዛሬ እኮ አልሞትም።»

«እንዴት አይሞቱም?»

«አልሞትማ። ጨዋታው የሚያስቅ ነው። የሻይ ጠረጴዛ ያስፈልገኛል ብዬዎት አልነበር?»

«እሱንማ አሰናድቻለሁ። ለለቀስተኛው መስሎኝ ነው።» ሽማግሌው ጢሙን ያሻል። «ታዲያ ማን ነው የሚሞተው?»

«ማንም።»

«በራስዎ ቀን?» ይላል፣ የተቀማ ሰው መስሎ።

አይፈረድበትም። በዚህች የቮልጋ ዳር ከተማ መድረክ ላይ ግላፊራ ለባሏ ክብር መርዝ ጠጥታለች፤ ለልጇ ስትል ወንዝ ገብታለች፤ ለእህቷ ትዳር ብላ በሳንባ በሽታ አልቃለች። በዓመት አንድ ምሽት ግን የተዋናይዋ የራሷ ቀን ነው፤ ተውኔቱን የምትመርጠው እሷ ነች። ከእሷ በፊት የነበሩት ሴቶች ሁሉ ረጅም ሞት ያለበትን መረጡ። እሷ የመረጠችው አንዲት ጤነኛ መበለት ያለችበትን ነው። አስተዳዳሪውም «ሰዉ ካልወደደው ለሚመጣው ዓመት ውል የለም» ብሎ እቅጩን ነግሯታል።

ፓኾም ትራሱን፣ ብልቃጡንና ሻማውን ሰብስቦ የሻይ ጠረጴዛውን በቦታቸው ያስቀምጥና ይወጣል። መጋረጃው ይከፈታል።

ግላፊራ ሶፋው ላይ ቁጭ ከማለቷ ከፊት ረድፍ መሐረብ ይመዘዛል። የነጋዴ ሚስቶች ሁልጊዜ የምትሞትበትን ሶፋ ያውቁታል። አንዷማ ከወዲሁ አፍንጫዋን ትስባለች።

መበለቲቱን ለትዳር የሚጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ፖርፊሪ ይንበረከካል። ስለ ስድስቱ እናት አልባ ልጆቹ፣ ስለ ቀዝቃዛው ቤቱ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ይተርካል። «ያለ እርስዎ ምን ይውጠናል?» አዳራሹ በረጅሙ ይተነፍሳል። እሺታዋን እየጠበቀ ነው። የለመደ ምላሷም እሺ ሊል ጫፍ ይደርሳል።

«ደኅና ሞግዚት ይቅጠሩ» ትላለች፣ እንደ ተጻፈው።

ማንም አይስቅም። ከመድረኩ ጎን የቆመው አስተዳዳሪ ፊቱ ነጭ ሆኗል። እጇ የሚያደርገው ያጣል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቷን ይይዝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ባለው ሳህን ጎመን የተሞላ ዳቦ አለ፤ ትኩስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። ታነሣና ትገምጣለች፤ በጣም ትልቅ ጉርሻ ይሆንባታል። ቀጣዩ ቃል የእሷ ነው፤ አፏ ግን ሞልቷል። ጣቷን ወደ ፖርፊሪ ታነሣለች፦ ቆይ።

ከላይኛው ሰገነት አንድ ሰው ይስቃል።

«ብዪ የኔ እናት» ትላለች መሐረብ የያዘችው ሴት ከፊት ረድፍ፣ ቤቷ ያለች ያህል። «ተረጋግተሽ ብዪ። እሱ ይጠብቅ።»

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ሴቶቹ ጎን ለጎን ይደጋገፋሉ፤ አንድ መኮንን ጠረጴዛ ያጣ ይመስል የራሱን ጉልበት ይደልቃል።

«ቶሎ ዋጪ እንጂ፣ ጉልበቴ አለቀ» ይላታል ፖርፊሪ በሹክሹክታ።

«ገና ነኝ» ትለዋለች ጮክ ብላ፣ አፏ እንደ ሞላ። ሳቁ እንደ ገና ይነሣል።

ፖርፊሪም ተስፋ ቆርጦ ከተንበረከከበት ይነሣል፤ ተውኔቱ ውስጥ ያልተጻፈ ወንበር ስቦ ይቀመጥና እጁን ወደ ሳህኑ ይሰዳል።

ግላፊራ ሳህኑን ወደ ራሷ ትስበዋለች።