«እሳቸው» የተባለችው ሴት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው መስታወት ፊት መቆም ሲያበዛ ነው።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ማበጠሪያ የሚነካው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከሥራ መልስ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። «ወዴት ነው?» ስትለው፣ «ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ቤት» ይላል።

በተተኮሰ ሸሚዝ ቧንቧ የሚጠግን ሰው አይታ አታውቅም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው። ጎረቤታቸው ሽማግሌው መኪና መንዳት ሲለማመዱ ሰፈሩን በሳቅ ያፈረሰችው እሷ ናት። የገዛ እናቷ አዲስ መነጽር ሲያደርጉ እንኳ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ ማንን ልታዪበት ነው?» ብላቸዋለች። በዚህኛው ነገር ግን ምላሷ ተሳሰረ። ባሏን ትወደዋለች። ጠይቃው «አዎ» ቢላትስ?

አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ፣ ባሏ አጥሩ ጥግ ቆሞ ከጓደኛው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማች። እሷን አንሶላው ጋርዷታል።

«ከሰባት ወደ ስምንት ተዛወርን» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክፍሉ ጠበብ ይላል፤ ግን ከሳቸው አጠገብ ነው የምቀመጠው። እንደሳቸው ያለ ጎበዝ ሴት አላየሁም ስልህ! ያልሄድኩ ቀን ያመኛል። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንዲህ ይመታል ብዬ መች አሰብኩ? … ኧረ ሚስቴ እንዳትሰማ! እሳቸውም የሚፈሩት ልጃቸውን ነው።»

እጇ ላይ የነበረው እርጥብ ሸሚዝ መሬት ወደቀ። የባሏ ሸሚዝ ስለነበረ እዚያው ተወችው።

ክፍል ይቀያይራሉ! ሴትየዋ ደግሞ የልጅ እናት ናት! ከሁሉ ያንገበገባት ግን «እሳቸው» የሚለው ነው። ለሚስቱ «አንቺ»፣ ለዚያችኛዋ «እሳቸው»! ዕድሜዋ የገፋ፣ ገንዘብ የተረፋት ሴትዮ ብትሆን ነው።

እየተንደረደረች እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ የሚኖሩት እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ወደ ማታ ላይ የታመመች ጓደኛ ሊጠይቁ ስለሚወጡ የሚገኙት በቀን ነው። ጓደኛቸው እንደሆነች አልዳነች፣ አልሞተች።

«እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ባሌ ሌላ ሴት ይዟል።»

«እሱ? አያደርገውም!»

«በጆሮዬ ሰማሁት እኮ! ያውም አሮጊት!»

እናቷ ቅር አላቸው። «አሮጊት ናት አለ?»

«‹እሳቸው› ነው የሚላት። ‹እንደሳቸው ያለ ጎበዝ ሴት አላየሁም› ይላል፤ እኔ እዚህ ዓይኔ እስኪጠፋ እየሰፋሁ!»

«እንደሱ አለ?» የእናቷ ፊት በራ። ወዲያው ሳል ያዛቸው። «ተይው በቃ፣ ልጄ። ደህና ሰው ነው።»

እናቷ ድሮም ለአማቻቸው ያደላሉ። ተናዳ ወጣች። የባሏን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቃ አልጋ ሥር ደበቀችው። ነገሩ እውነት ከሆነ እዚህ ቤት አያድርም። ሻንጣውን ስትዘጋ ግን አለቀሰች።

ሰኞ ባሏ ተላጭቶ ሲወጣ በሩቁ ተከተለችው። መንገድ ተሻግሮ፣ ታቹ ሱቅ ላዩ ብዙ በር የሆነ ፎቅ ውስጥ ገባ። ደረጃው ሥር ዘበኛ ተቀምጧል።

«አሁን የገባው ሰውዬ የት ነው?» አለችው።

«እሳቸው? ስምንት ናቸው፤ ደረጃውን እንደወጡ በስተቀኝ» አለ ዘበኛው። «ሴትየዋም ገብተዋል። እሳቸውን ማን ይቀድማል!»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። በሩን በርግዳ ገባች።

ከፊት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጎልማሶች በረድፍ ተቀምጠዋል። ጠመኔ የያዘችው ወጣት አስተማሪ አፏን ከፍታ ቀረች። ባሏ ከፊተኛው ወንበር እርሳሱን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ም… ምን ሆነሽ መጣሽ?»

ከአጠገቡ ሻርፕ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ አጎንብሳ ትጽፋለች። ለልብስ ሰፊዋ ከዚያች ጀርባ በቀር ሌላ ነገር አልታያትም። ሄዳ ትከሻዋን ጨመደደች።

«አንቺ! ዙሪ፣ ፊትሽን ልየው!»

«ቆይ ልጄ» አሉ እናቷ ቀና ሳይሉ፣ «ይቺን ጥያቄ ልጨርሳት።»