ሌንስ ለአሞራ

አሞራን ከገደል ማዶ ሆኖ ፎቶ ለማንሳት ስንት ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል ትላላችሁ? ውዴነሽ ይህን ጥያቄ ይዛ ስትዞር ውላ ሦስተኛው የካሜራ ሱቅ ገባች።

«እትዬ፣ ለወፍ ከሆነ አራት መቶ ይበቃዎታል» አላት ባለሱቁ ሸምሱ። «ከዚያ በላይ ያለው ክንድ ይገነጥላል።»

«አይበቃም። ርቀቱ ግማሽ ኪሎሜትር ነው።»

«ታዲያ ጠጋ ማለት ነዋ! አሞራ ይናከሳል እንዴ?»

«መጠጋት ክልክል ነው። ጠባቂዎች ቆመዋል።»

«ለአሞራ ጠባቂ! እኛ እንኳ አንድ ዘበኛ አጥተናል» ብሎ ሳቀና ስድስት መቶውን ከመደርደሪያው አወረደላት። «በዚህ ላባውን ይቆጥራሉ። ሲበር ለመያዝ ግን ፈጣን ካሜራ ያስፈልጋል።»

«የሚበሩትን አልፈልግም። መሬት ላይ ሆነው ሲበሉ ነው።»

«እሺ፣ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚፈልጉት ምኑን ነው? ዓይኑን? መንቆሩን?»

ውዴነሽ ሌንሱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሹራቡን» አለች። «የልጄ ሹራብ አረንጓዴ ነው፤ ክርኑ ላይ ቀይ እራፊ ተጥፎበታል። ተኩስ ተከፍቶ ሰው ካለቀ ወዲህ ገደሉ ስር መውረድ ከልክለውናል። እሱ መሆኑን ሳላይ ለቅሶ ብቀመጥ፣ በሕይወት ካለ ማሟረት ይሆንብኛል።»

ሸምሱ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ዛሬ ከተኩሱ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እናንተ ከልካዮች፣ ለአሞራ የፈቀዳችሁትን ለእናት የነፈጋችሁት ለምንድን ነው? አደባባይ ወጥታችሁ፣ ስማችሁን ጠርታችሁ መልሱ!